ገመድና ሊብሬ

ባምላክ በቅሎ ሲሸጥ ነውሯን ይናገራል። ይኼን ላስታ ሙሉ ያውቃል። የምትራገጥ ከሆነች ትራገጣለች፣ የምትነክስ ከሆነች ትነክሳለች ይላል፤ ገዢው ብሩን ከኪሱ ሳያወጣ፣ ሰው እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ኋላ ደጄ መጥተህ እንዳታለቅስብኝ! ይቺ በቅሎ ግራ ጎኗን ሲነኳት ትዘላለች። ፈለግህ ውሰድ፣ አልፈለግህ ተው!» አባቱም እንዲሁ ነበሩ። በዚህ ጠባዩ ዋጋ ጎድሎበት ያውቃል፣ ገዢ ግን ጎድሎበት አያውቅም። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዱ በቅሎ አቅርቦ ገዢው ሲያመነታ «ኧረ የባምላክ እኮ ናት!» ካለው ነገሩ አለቀ፤ ሰውየው ጥርሷን እንኳ ሳያይ ይገዛል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ያገለገለ ሞተር ልግዛ ብሎ የተነሳው።

ምን ነካው ትሉ ይሆናል። ችግር ነካው! ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ በበቅሎው የሚጭነው ፈረንጅ እንደ ድሮው አይመጣም። የሚመጣው የአገር ተሳላሚ ነው፤ እሱ ደግሞ ይምርሐነ ክርስቶስ ለመድረስ ግማሽ ቀን በቅሎ ላይ መንገላታት አይፈልግም። ጎረምሶቹ ሞተራቸውን እያስጓሩ ከፊቱ ይደረደራሉ፣ አፈፍ አድርገው ጭነውት ውልብ ይላሉ። ባምላክ በቅሎውን ዳማን ጭኖ፣ ግላሷን አልብሶ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ይቆማል። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይለዋል ተሳላሚው። ሲነግረው ይስቅና ሞተር ላይ ይወጣል። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ሚስቱ ሙሉዬ ምላሷ ስለት ነው፤ «ሐውልት ነህ እንዴ ቆመህ የምትውለው?» አለችው አንድ ቀን። ተናደደ፤ ግን እውነቷን ነው። በአርባ አምስት ዓመቱ ወልድያ ወርዶ፣ ልጆቹ ከሚሆኑ ጎረምሶች ጋር ተሰልፎ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ከዚያ ሞተር ፍለጋ ገባ፣ መከራውም ያኔ ጀመረ።

የመጀመሪያውን ሞተር ያሳየው ሰው «ፍሬኑ ትንሽ ልል ነው» አለው። ልል! ፍሬን የሚባል ነገር ከነጭራሹ አልነበረውም፤ ባምላክ ቁልቁለቱን ተወርውሮ የሰው ጭድ ክምር ውስጥ ገብቶ ነው የቆመው። ሻጩ እየሮጠ መጥቶ መጀመሪያ ያየው ሞተሩን ነው። «ጫርከው እኮ!» አለና ካሣ ጠየቀ። ሁለተኛው በስልክ ስልሳ ሺህ ያለውን፣ ባምላክ ሁለት ሰዓት በእግሩ ሄዶ ሲደርስ ስልሳ ስምንት አደረገው፤ ቀብዱን ሲያወጣለት ደግሞ «አሁን ሌላ ሰው ደውሎ ሰባ አምስት እሰጥሃለሁ አለኝ» አለ። ስልኩ አልጮኸም! ባምላክ አጠገቡ ነው የተቀመጠው፣ ስልኩ በመሐላቸው አግዳሚው ላይ ነው፣ አልጮኸም!

ሦስተኛው ባሰ። ተስማሙ፣ ሰውየው ቀብዱን ተቀበለ፣ ተጨባበጡ። ከሁለት ቀን በኋላ ባምላክ ሞተሩን ሊወስድ ሲመጣ ሁለቱም ጎማዎች ተቀይረዋል። ያኔ ያየው ጎማ ጥርሱ የቆመ ነበር፣ አሁን ያለው ተልጦ ያብረቀርቃል።

«ጎማዬ የት ሄደ?» አለ ባምላክ።

«የቱ ጎማ? ጎማው ያው ነው» አለ ሰውየው፣ ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት ሳትንቀሳቀስ።

«እኔ ዕውር ነኝ? በል ቀብዴን መልስ!»

«ቀብድማ አይመለስም። ሐሳብህን የቀየርከው አንተ ነህ።»

ወይ ነዶ! ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ብቻውን እየጮኸ ነበር የሚሄደው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ዳር ይዘው ያሳልፉታል። እኔ ብቻ ነኝ ቂል? ይላል። አገሩ በሙሉ እየዋሸ ሲበላ፣ እኔ ብቻ ነኝ ገበያ መሐል ቆሜ የገዛ በቅሎዬን ነውር የምለፍፍ? እስቲ ማን አመሰገነኝ? ማን ደግ ነህ ብሎ አንድ ጣሳ ገብስ ሰጠኝ? ይኼ ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሆዱ አልወጣም። ልብ በሉልኝ፣ ኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚህ ተነስቶ ነው።

መልአኩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። «ሞተር ይፈልጋሉ አሉኝ» ብሎ ራሱ ደወለ። መልአኩ ሠላሳ ቢሆነው ነው፤ ጃኬቱ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ምላሱ ማር። በግም ይሁን ስልክ፣ በቅሎም ይሁን ሞተር፣ የማይገዛው የማይሸጠው ነገር የለም። ቅዳሜ ከገበያው ዳር ተገናኙ። ባምላክ ምስክር እንዲሆኑት የነፍስ አባቱን መምሬ ተክለ ሚካኤልን ይዞ፣ ዳማን እየሳበ መጣ። ለሞተሩ የሚሰጠው እሷን ነው፣ ጥቂት ብርም ከላይ ጨምሮ። ሌላ ምን አለው?

«አያ ባምላክ» አለ መልአኩ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ «እርስዎ ነውር ሳይናገሩ እንደማይሸጡ አገር ያውቃል። እኔም እንደ እርስዎ ልሁንና የሞተሬን ነውር ልንገርዎት። መብራቱ ደካማ ነው። ወንበሩ ተቀዷል። ክላክሱ ድምፁ ተዘግቷል። ሌላ ነገር የለበትም።»

ባምላክ ደስ አለው። ሃያ አምስት ዓመት በቅሎ የሸጠ ሰው እኮ ነው! ሦስት ጥቃቅን ነውር የሚዘረዝር ሻጭ አራተኛውን ትልቁን ከምላሱ ሥር እንደሚያስቀምጥ አጥቶት ነው? ያውቃል። ግን ሰልችቶት ነበር፣ ደህና ቃል መስማት ናፍቆት ነበር። ሞተሩን ወጥቶ ነዳው፤ ሄደ፣ ዞረ፣ ቆመ። ፍሬን አለው። ጎማውም ጎማ ነው። «ይሁን፣ ወድጄዋለሁ» አለ።

«በሉ እንግዲህ የእርስዎን ደግሞ እንስማ» አለ መልአኩ እየሳቀ። «የዳማ ነውሯ ምንድን ነው?»

ዳማ ነውር አላት። አንድ ብቻ ነው፣ ግን ክፉ ነው። ሰው ተቀምጦባት ወንዝ መሐል ስትደርስ ትተኛለች። ሳትደነብር፣ ሳትራገጥ፣ ቀስ ብላ ጉልበቷን አጥፋ ውሃው ውስጥ ጋደም ትላለች፤ የተቀመጠባት ሰው ከላይ ይሁን ከሥር ደንታዋ አይደለም። ለዚህ ነው ባምላክ ወንዝ ዳር ሲደርስ እንግዳውን አስወርዶ ባዶዋን የሚያሻግራት። መምሬ ተክለ ሚካኤል ራሳቸው ይምርሐነ ክርስቶስ ሲሄዱ ስንትና ስንት ጊዜ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በእግራቸው ተሻግረዋል።

ባምላክ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር። ያን ጊዜ ያ የተላጠ ጎማ መጣበት። ስልሳ የነበረው ስልሳ ስምንት፣ ከዚያ ሰባ አምስት መሆኑ መጣበት። ያልጮኸው ስልክ መጣበት። ይኼ ልጅ የከተማ ሰው ነው፣ የት ያለ ወንዝ ያሻግራታል? አለ በሆዱ። ደግሞስ ለምን እኔ ብቻ?

«ነውር የላትም» አለ።

መምሬ በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ ነበር፤ እጃቸው ቀጥ አለ። ባምላክን አዩት። ባምላክ መሬት መሬቱን አየ። መምሬም ዝንባቸውን ማባረር ቀጠሉ።

በአገሩ ከብት ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም። ሻጩ ፈትቶ ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል፤ ገዱ ከከብቱ ጋር እንዳይሄድበት ነው። ገዢውም ይኼን ስለሚያውቅ የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ባምላክ የዳማን ገመድ ፈታ፣ ጆሮዋ ሥር አከክ አደረጋት፣ ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገ። መልአኩ ይኼን ሁሉ ቆሞ ያያል።

ሙሉዬ ከገበያ ጨው ገዝታ የደረሰችው ያኔ ነው። ሞተሩን ዞር ዞር ብላ አየችና «ደብተሩስ?» አለች። ሊብሬውን ማለቷ ነው፤ ሞተሩ የማን እንደሆነ የሚናገረውን የባለቤትነት ደብተር።

«እትዬ ሙሉዬ» አለ መልአኩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አያ ባምላክ ገመዱን አስቀሩ አይደል? እኔ ደግሞ ሊብሬውን ላስቀር። ይኼ ሞተር ገዴ ነው፤ እሱን ከያዝኩ ጀምሮ ያልተሳካልኝ ነገር የለም። ሁለት ወር ሳጥኔ ውስጥ ይቆይልኝ፣ ከዚያ ራሴ አምጥቼ በስማቸው አዞራለሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ገመድ ለእሳቸው ከተፈቀደ ለኔ ምነው?»

«ወግድ! ገመድ ሌላ፣ ሊብሬ ሌላ!» አለች ሙሉዬ። «ገመድሽ የት አለ ብሎ በቅሎ የሚያስቆም ፖሊስ አለ? ሊብሬ የሌለውን ሞተር ግን...»

«አንቺ ዝም በይ!» ብሎ ጮኸባት ባምላክ። «ሰውየው ሥርዓት ነው የጠየቀኝ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሱ ራሱ ነበር ወግድ የሚለው። ግን ገመዱ ትከሻው ላይ ነው፣ ውሸቱ ገና ከአፉ አልደረቀም፤ በምን ዓይኑ ይከራከር? አሁኑኑ ይኼ ነገር አልቆ፣ ዳማ ከፊቱ ዞር ብትልለት ነበር የፈለገው። አትፍረዱበት ልላችሁ ነበር። ፍረዱበት እንጂ! ውሉ ተጻፈ፣ መምሬ ፈረሙ፣ መልአኩ በቅሎዋን እየሳበ ሄደ። ዳማ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችው።

ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይላል፤ ቁልቁለት ይፈልጋል። ላሊበላ ደግሞ ቁልቁለት ሞልቷታል። ባምላክ እየገፋ ያስነሳዋል፣ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን በእጥፍ ዋጋ እየገዛ ያጠጣዋል። ጭሱ ሰማያዊ ነው፣ ማርሹ ይንገራገራል። ይሁን፣ ጠባዩ ነው አለ፤ በቅሎም ጠባይ አላት። አሥራ ሁለት ቀን ሠራበት። ተሳላሚውን ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ነጋዴውን ብልባላ አደረሰ። ሙሉዬ እንኳ ኩርፊያዋን ትታ «እስቲ እኔንም አንድ ቀን ጫነኝ» ብላው ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ብልባላ መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው።

«መንጃ ፈቃድ።»

ሰጠ።

«ሊብሬ።»

«ሊብሬው የሸጠልኝ ሰው ጋ ነው።»

«እሱ ምን ያደርግለታል?»

«ገዱ እንዳይሄድበት ነው ያስቀረው» አለ ባምላክ።

ፖሊሱ የሰማውን አላመነም። «ምን? ድገመው እስቲ።» ባምላክ ደገመው፣ የገመዱንም ነገር ጨምሮ አስረዳው። ፖሊሱ ጓደኛውን ተጣራ፤ «ኧረ ና! ና ይኼን ስማ!» ለሦስተኛ ጊዜ አስነገሩት። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከባምላክ ኋላ የተቀመጠችው ነጋዴ ሴትዮ ሳትቀር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንከተከተች። ሲበቃቸው ሞተሩን ወስደው ግቢያቸው ውስጥ አቆሙትና ሊብሬው ሲመጣ ይወጣል አሉት። ክፋት የለባቸውም፣ ሕጉ ነው። ባምላክ ግን ያን ሳቅ ተሸክሞ ስንት ሰዓት በእግሩ ተጓዘ! ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ እየጠለዘ፣ ጫማው አፉን እስኪከፍት።

ከተማ ሲገባ መጀመሪያ ያገኘው መካኒኩን መሐመድኑርን ነው፤ ጋራዡ በር ላይ ካንዴላ ያጸዳል። ባምላክ የደረሰበትን ነገረው።

«ያ ቀዩ ሞተር?» አለ መሐመድኑር። «እሱ እኮ ሊብሬ ኖሮት አያውቅም። እኔ የማውቃቸው ብቻ አራት ሰዎች ገዝተውታል፤ አራቱም ሊብሬ ሲፈልጉ ከርመው ነው ለሌላ የሸጡት። ወላሂ፣ መልአኩም ራሱ ተሸውዶ ነው የገዛው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ አያ ባምላክ? ያየሁህ ከገዛህ በኋላ ነው። እየሳቅህ ታልፋለህ፣ ደስታህን ላበላሽብህ?»

ይኼኔ ነው ባምላክ የእውነት ያበደው። ተሸውዶ የገዛ ሰው ሌላውን ይሸውዳል? ያውም የባምላክን አባቶች ሥርዓት፣ የባምላክን የገዛ ገመዱን መሣሪያ አድርጎ! ደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» ትላለች የስልኩ ሴትዮ። አምስት ጊዜ ደውሎ በስድስተኛው መልአኩ አነሳ። ሊብሬው ወገል ጤና ዘመዱ ዘንድ ነው፣ ማክሰኞ ይመጣል አለ። ማክሰኞ ደወለለት፤ ለቅሶ ላይ ነው። ሐሙስ ደወለለት፤ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ቅዳሜ ባምላክ ስልኩን ትቶ ዱላውን ይዞ ወጣ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘውና ያን ንጹሕ ጃኬቱን አንገቱ ላይ ጨምድዶ አስነሳው።

«ሊብሬ እንደሌለው ደርሼበታለሁ! በቅሎዬን መልስ!»

«ልቀቀኝ አንተ ሰውዬ!» አለ መልአኩ። አያችሁ? እርስዎው አንተ ሆነ። «የምን በቅሎ? ያኔውኑ ለብልባላው አረጋ ሸጥኳት። እኔ በቅሎ ቀልቤ ልጦርልህ ኖሯል?»

«ሌባ! የሌባ ልጅ! ገድ አይደል ያልከኝ? ገድህን አሳይሃለሁ!»

ዱላውን ሲያነሳ ሰው ገባ፤ ሦስት ሰዎች ተጋግዘው ነው የያዙት። የመልአኩ ሻይ ጃኬቱ ላይ ከመፍሰሱ በቀር ምንም አልሆነም። ባምላክ ሲጮህበት የከተማው ሰው ሁሉ ሰማ፤ ሰው ሁሉ ፈረደለት። እሰይ፣ ይኼ ልጅ ስንቱን አስለቅሷል፣ ዛሬ አገኛት አሉ።

ወሬው ከብልባላ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። አያ አረጋ የሚባሉት ገበሬ አዲስ የገዟት በቅሎ ወንዝ መሐል ተኛችባቸው። እግራቸው ከድንጋይና ከጎኗ መሐል ገብቶ ቅልጥማቸው ተሰበረ። የእርሻ ወቅት ነው፤ ልጆቻቸው ተድረው ወጥተዋል፤ የሚያርስላቸው ሰው የለም። ሽማግሌዎች ሦስቱንም ለእሑድ ጠሩ፤ አረጋን፣ መልአኩን፣ ባምላክን።

«ነውሯን ነግረኸዋል አይደል?» አለችው ሙሉዬ።

«ምን ማለትሽ ነው!» ብሎ ቤቱ እስኪናጋ ጮኸባት።

ሙሉዬ መልሱን ከጩኸቱ ወሰደችና ልቧ አረፈ። እሑድ እስኪደርስ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች «የኔ ባል ነውር ደብቆ ያውቃል? ንገሩኛ!» ስትል ሰነበተች። ያውቃል የሚል አልተገኘም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወይራው ሥር ተቀመጡ። አያ አረጋን ሁለት ሰዎች ተሸክመው አመጧቸው፤ እግራቸው በሸንበቆ ታስሯል። ዳማ ራቅ ብላ ግንድ ላይ ታስራ ቆማለች። ባምላክ ገመዷን ከቤት አምጥቶ ጋቢው ሥር ይዞታል። ውሉ እንደሚፈርስ አልተጠራጠረም፤ ይዟት ሊሄድ ነው የመጣው።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ በእውቀቱ ነበሩ። መልአኩን አስቀድመው ጠየቁት።

«አልነገረኝም!» አለ መልአኩ። «ጠይቄዋለሁ፤ ነውር የላትም ነው ያለኝ። በቅዱስ ላሊበላ! እዚህ ቆሜ እውነቴን ነው!»

ጉድ ፈላ። «ዋሾ!» «አፍህን ያዝ!» «ባምላክን? ባምላክን ነው እንዲህ የምትለው?» አንዷ አሮጊት ከኋላ መሬቱን በመቋሚያዋ እየመታች «አባቱንም አውቃለሁ እኮ!» አለች። ሙሉዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች፣ ፊቷ ወገግ ብሏል።

አያ በእውቀቱ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። «ስማ ልጄ» አሉት መልአኩን፣ «ሊብሬን ገድ ነው ብለህ ያታለልክ ሰው ዛሬ እውነቴን ነው ብትል ማን ይስማህ? ነገሩ ግልጽ ነው። በል ባምላክ፣ ለወጉ ያህል እንጠይቅህ። ነውሯን ነግረኸዋል?»

አዎ ማለት ብቻ ነው የቀረው። አንዲት ቃል! በቅሎዋ ትመለሳለች፣ ብሩ ይመለሳል፣ የአረጋም ዕዳ መልአኩ ላይ ይወድቃል፣ የፖሊሶቹ ሳቅ ሳይቀር ይካሳል። ይገባዋል ደግሞ፣ ሌባ ነው! ባምላክ ቀና አለ። መምሬ ተክለ ሚካኤል ከፊት ተቀምጠዋል፤ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እሱን ብቻ ያያሉ። መልአኩም ያየዋል። ልጁ በዕድሜው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናግሮ፣ አንድ ሰው እንኳ አላመነውም። ባምላክ እንደዚያች ሰዓት ጠልቶት አያውቅም።

«ሌባ ነህ!» ብሎ ጮኸ። ጅማቱ ተገታትሮ ነበር። «ውሸታም ነህ! አታለኸኛል፣ አዋርደኸኛል፣ ያባቴን ሥርዓት መቀለጃ አድርገኸዋል! እግዜር ይይልህ!» ትንፋሽ አጠረው። «ግን አልነገርኩህም። ነውር የላትም ነው ያልኩህ።»

ሙሉዬ እጇ ከወገቧ ወረደ። ባሏን ለአፍታ አየችው፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ማንንም ሳታይ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።

«እኔም ነበርኩ» አሉ መምሬ ተክለ ሚካኤል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነውሯን አውቅ ነበር። ሲዋሽ ሰምቼ ዝም አልኩ።»

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ራቅ ብለው መከሩ፤ ብዙም አልቆዩ። መልአኩ የአያ አረጋን ብር ይመልስ፣ የባምላክንም ጭማሪ እንዲሁ። ሞተሩም የራሱ ነው፤ ሊብሬ አለኝ ካለ ፖሊሶቹ ጋ ራሱ ሄዶ ይሳቅበት። ባምላክ ዳማን ይውሰድ፤ አያ አረጋ ቆመው እስኪሄዱ ግን ማሳቸውን አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ ይስጣቸው። «ትቀበላላችሁ?» አሉ አያ በእውቀቱ። መልአኩ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ባምላክም ነቀነቀ።

አያ አረጋ የታሰረ እግራቸውን እያዩ ተናገሩ።

«እኔ እኮ ለዚህ ልጅ ነውሯን አልጠየቅኩትም» አሉ። «የባምላክ ናት አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ተነሳ፣ መቋሚያውን አነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፤ በባምላክ አጠገብ ሲያልፍ ግን ሰላም የሚለው አልነበረም። «በል ውሰዳት እንጂ፣ ፀሐዩ ላይ ቆማለች» አሉት አያ በእውቀቱ። ዳማ አይታው ጆሮዋን ቀስራለች። ባምላክ ገመዱን እንደጨበጠ ተቀምጦ ቀረ፤ ሰው እያየው ከጋቢው ሥር ማውጣት አፈረ።